እንከፍላለን ያለው ሰው

አንሙትና እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባለ አንድ የግብርና ኮሌጅ ስድስት ዓመት በአንድ ቢሮ ተቀምጠናል። እሱ የአፈር መምህር ነው፤ እኔ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። በስድስት ዓመት ውስጥ ከእኔ እስክሪብቶ ተውሶ አያውቅም። ቀለም ሲያልቅበት ይነሳል፣ ግቢውን ያቋርጣል፣ ከበር ላይ ካለው ሱቅ ገዝቶ ይመለሳል። አንድ ቀን ዶፍ ዝናብ እየወረደ ሄደ። ጠረጴዛዬ ላይ አራት እስክሪብቶ ነበር። በስብሶ ሲመለስ ተናድጄ አንዱን ወረወርኩለት። አንስቶ፣ በመሐረቡ ጠርጎ፣ ከሦስቱ አጠገብ መልሶ አስቀመጠልኝ።

ጠባዩን የወረሰው ከእናቱ፣ ከአምበሯ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ነው። አንሙት የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ሰብላቸውን በረዶ መታባቸው። ቀበሌው ተቸጋሪ መዝግቦ የእርዳታ ስንዴ ሊያድል ሰው ላከ። ወይዘሮ ወለተ ሰንበት መዝጋቢውን አስቀምጠው ጠላ ሰጡት፤ ስማቸውን ግን አልሰጡትም። የቤቱ ስም በተቸጋሪ መዝገብ እንዳይሰፍር ሲባል ልጆቹ ለወራት ድንች በጨው በሉ። አንሙት ይህን የሚያወራው በኩራት ነው።

«ድንቹ በቃችሁ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«አልበቃንም» አለኝ፤ በዚያው ኩራት።

ነገሩ የጀመረው በ2003 ዓ.ም. ክረምት ነው። በአማኑኤል በኩል ያለው መሬት ኮምጥጧል፤ በብዙ ዝናብና በብዙ እርሻ የተነሳ አሲድ በዝቶበታል። ገብስ ይዘራል፣ ይበቅላል፣ ጉልበት ሳይደርስ ቢጫ ይሆናል። አንሙት መሬቱን በኖራና በምድጃ አመድ ማከም ይቻል እንደሆነ ሊያጠና ተነሳ። ስምንት ገበሬዎች መሬት ሰጡት። እያንዳንዱ ማሳ ለአራት ተከፈለ። አንዱ ቁራጭ ኖራ፣ አንዱ አመድ፣ አንዱ ሁለቱንም ያገኛል፤ አራተኛው ምንም አያገኝም። ምንም የማያገኝ ቁራጭ ከሌለ የሌሎቹ መሻል ከምን ጋር ይለካል? እኔ የተጠራሁት ለዚህ ነው።

ለየትኛው ቁራጭ ምን እንደሚደርስ ኮምፒውተር በዘፈቀደ እንዲመርጥ አዘጋጅቼ ሄድኩ። ገበሬዎቹ «ሲመርጥ ማን አየው?» አሉ። ስለዚህ እንደ ወጉ እጣ ተጣለ። ለኖራው ጠጠር፣ ለአመዱ ስንጥር፣ ለሁለቱም ቅጠል፣ ለባዶው የፍየል በጠጥ ሆነ። የትኛው የምን እንደሆነ ያልሰማ መንገደኛ ተጠርቶ አነሳ። ከሙያዬ አንጻር አንዳች ስህተት አላገኘሁበትም፤ እንዲያውም ኮምፒውተሩን ተሸክሜ በመሄዴ ተናደድኩ።

ከስምንቱ ገበሬዎች የአንዱ፣ የአያ ወልደ ገብርኤል ማሳ ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል የሚወስደው ዋና መንገድ ዳር ነው። እጣው ሲነሳ በጠጡ አስፋልቱን ተጠግታ ላለችው ቁራጭ ደረሰ። የሌሎቹ ሰባት ገበሬዎች ባዶ ቁራጭ ከጓሮ፣ ከገደል አፋፍ፣ ሰው ከማያይበት ነበር። የእሳቸውን ግን ሦስት ክረምት ሙሉ በአውቶቡስ ያለፈ ሁሉ አይቷታል። ሹፌሮቹ ሳይቀሩ ያውቋት ነበር። «ይሄ የማን ሰነፍ እርሻ ነው?» ይባላል፤ ከኋላዋ ያለውን ደረት የሚደርስ ገብስ ከመኪና የሚያይ የሌላ ሰው ይለዋል።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ሁለት ገበሬዎች አላስቻላቸውም። ባዶዋ ቁራጭ ላይ አመድ በተን በተን አደረጉ። ከቁጥሩ ላይ አገኘኋቸውና ከጥናቱ አወጣናቸው። አያ ወልደ ገብርኤል አንዲት እፍኝ አልጨመሩም። «ሚስቴንም አመድ በዚያ በኩል እንዳትደፋ ከልክያታለሁ» አሉኝ።

መሬቱን ሲሰጡ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጽሑፉ ሲወጣ የፈለገ ሰው ሁሉ ከፍቶ የሚያነበው ይሁን፤ መምህራን ለመምህራን ብቻ ዘግተው አያስቀምጡት። አንሙት ቃል ሰጠ። ያን ጊዜ ይህ ቃል ዋጋ እንዳለው ሁለታችንም አናውቅም ነበር።

በሦስተኛው ዓመት መስከረም ላይ ለልጃቸው ለዜማ ሽማግሌ መጣ። የሚጠይቃት አማኑኤል የሚያስተምር አካለ ወልድ የሚባል ወጣት ነው፤ ዜማም እንደምትወደው መንደሩ ሁሉ ያውቃል። የልጁ አባት አያ አምደሚካኤል ግን በእርሻ የታወቁ፣ የሰውን እርሻ አይተው ሰውየውን የሚመዝኑ ናቸው። ሲመጡ በመንገድ ዳሯ ቁራጭ በኩል አለፉ። ከቤት ገብተው ለመቀመጥ እንኳ ጊዜ ወሰደባቸው።

«ለጥናት ነው» አሏቸው አያ ወልደ ገብርኤል።

«ሰነፍ ሁሉ ለጥናት ነው ይላል» አሉ አያ አምደሚካኤል፤ በትሕትና።

እኛ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይዘን ሄድን። አያ አምደሚካኤል ደብዳቤውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ አይተው መለሱልን። «ለአንድ ሰው የተጻፈ ለአንድ ሰው ነው፤ ሰው ለወዳጁ ምን የማይጽፍለት አለ? ለሁሉ ይወጣል ያላችሁት ይውጣና ልጄ በስልኩ ከፍቶ ያንብብልኝ» አሉ። እስከ 2007 ጥር ሊጠብቁ ተስማሙ። ጥር ካለፈ ልጃቸው ሌላ ቤት ያያል። ዜማ ይህን ሰምታ ሁለት ቀን ምግብ አልበላችም። አባቷም ያን ሰሞን ሰው ወዳለበት አይወጡም ነበር።

ስለ ጆርናል፣ ጥናት ስለሚያወጣው መጽሔት፣ ለማያውቅ ሰው እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ። ባጭሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዓይነት ከጸሐፊው ምንም አይወስድም፤ ጽሑፉን ይቆልፍና አንባቢውን ያስከፍላል። አንሙት ስለ ኢትዮጵያ አፈር የተጻፈች አንዲት ጽሑፍ ለማንበብ ሠላሳ አምስት ዶላር ተጠይቆ ያውቃል። አፈሩ የእኛ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ለሁሉ ክፍት ነው፤ አንባቢ አይከፍልም፣ ጸሐፊው ይከፍላል። ለአርትዖት፣ ለገጽ ሥራ፣ ድረ ገጹን ለማቆየት ነው ይላሉ። ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ ወጪ ምን ያህሉ ትርፍ እንደሆነ እስካሁን የነገረኝ የለም። ደህናዎቹ ጆርናሎች ግን አንድ ነገር ይጨምራሉ፦ መክፈል የማይችል ካለ ይንገረን፣ ክፍያውን እንተውለታለን።

በ2006 መጋቢት ጽሑፉን ስንልክ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ገጹ ስም ጠየቀ፣ አድራሻ ጠየቀ፣ ከዚያ ሁለት ሳጥን አመጣ። አንዱ «ክፍያውን እንከፍላለን» ይላል። ሌላው «መክፈል ስለማንችል እንዲቀርልን እንጠይቃለን» ይላል፤ ከሥሩም ምክንያት መጻፊያ ባዶ ቦታ አለው። አንሙት እጁን ከኮምፒውተሩ ማውስ ላይ አነሳ። ሸሚዙን አስተካከለ። ከዚያ «እንከፍላለን» የሚለውን ተጫነ። ስንት እንደሆነ የሚያሳየውን መስመር አላነበበም፤ ዋጋ መጠየቅም ያሳፍረዋል።

እኔስ? ሁለተኛውን ሳጥን አይቼዋለሁ። ዝም አልኩ። የእኔም ስም በሁለተኛ ጸሐፊነት ተጽፏል፤ አልችልም ብሎ ለማያውቁት ፈረንጅ መጻፍ ለእኔም ደስ አይልም ነበር። ይህን የምናገረው በኋላ ስጮህበት ንጹሕ እንዳልነበርኩ እንዲታወቅ ነው።

ስምንት ወር ገምጋሚዎች ጽሑፉን አመላለሱት። ኅዳር ላይ ተቀባይነት አገኘ። ቢሮው ውስጥ ተቃቀፍን። ከደስታው ቀጥሎ ባለው ገጽ ላይ ሂሳቡ ነበር፦ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ ዶላር፣ በሠላሳ ቀን ውስጥ። በብር ሃያ ሰባት ሺህ፣ የአንሙት የስድስት ወር ደመወዝ ነው፤ ምንም ካልበላበት። በቀኑ ካልተከፈለ ጽሑፉ ይሰረዛል።

ኮሌጁን ጠየቅን። የግዢ ክፍል ሰውየው አዳምጦን ሲያበቃ ሕጉ ሦስት ፕሮፎርማ እንደሚጠይቅ ነገረን። ሦስት ጆርናሎች ይህንኑ ጽሑፍ ለማውጣት ዋጋ ያቅርቡና በዝቅተኛው እንገዛለን አለ። አልቀለደም። ባንክ ሄድን። ብሩ ቢኖረን እንኳ ዶላር ለማግኘት ወረፋ አለ፤ ወረፋው ስንት ወር እንደሚፈጅ ሲጠየቁ ሣቁ። አንድ ባልደረባችን በመቶ ዶላር በአራት ቀን የሚያወጣ ጆርናል አገኘልን። ለሙከራ የኮሌጁን የምግብ ዝርዝር በእንግሊዝኛ ጽፌ ብልክላቸው «እጅግ ጠቃሚ ጥናት» ብለው ተቀበሉት። አንሙት እንዲህ ያለ ቦታ ስሜ ከሚወጣ ይቅር አለ።

«እንግዲያውስ ለሚቆልፈው ጆርናል እንስጠው» አልኩት። «በነጻ ያወጣልናል። እኛ አትመን ለአያ አምደሚካኤል እንወስድላቸዋለን።»

«እንደገና ስምንት ወር ነው። ደግሞ ክፍት ይሆናል ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ።»

«አሁንም እኮ አልችልም ብለህ መጻፍ ትችላለህ!»

«ጊዜው አልፏል። ከተቀበልን በኋላ አንሰማም ይላል ሕጋቸው።» እንዲህ ሲል ፊቱ ላይ እፎይታ አየሁ። በዚያች እፎይታ ምክንያት ሦስት ቀን አላናገርኩትም።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን አማኑኤል ሄድን፤ ነገሩ እንዳልተሳካ ለአያ ወልደ ገብርኤል በአፋችን ልንነግራቸው። ገብስ እያስወቁ አገኘናቸው። ሥራውን አቁመው ከአውድማው ዳር ተቀመጡ። አንሙት ስለ ምንዛሪ፣ ስለ ግዢ ሕግ ብዙ አወራ። ጨርሶ እስኪያበቃ ሰሙት።

«በኛ ስንት ነው?» አሉ።

«ሃያ ሰባት ሺህ።»

አያ ወልደ ገብርኤል ወደሚያበራዩት በሬዎቻቸው ዞረው አዩ። ብዙ አላሰቡም። «ሁለት በሬ ነው» አሉ። «እኒህን ልሽጣቸው። ዜማ ከምትቀር በሬ ይቅር።»

ይኼኔ አላስቻለኝም። «በነጻ ይሆን ነበር!» ብዬ ጮህኩ። «አልችልም በል፣ ይቅርልህ አሉት። እንከፍላለን አለ! አጠገቡ ተቀምጬ፣ እኔም እያየሁ!»

አንሙት መሬት መሬት ያይ ጀመር። አያ ወልደ ገብርኤል ተነስተው በሬዎቹን አስቆሙና ተመልሰው ተቀመጡ።

«መምህር» አሉት። «አልችልም ማለት ምን አስነወረህ?»

አንሙት ከመሬት ጭድ ለቀመ፤ እሳቸው ቀጠሉ።

«እኔ በልጅነቴ ዲማ ለቅኔ ገብቼ ነበር። አባቴ አራት በሬ ነበረው። ስንቅ አልላከልኝም፤ ወጉ ስላልሆነ። አኩፋዳዬን አንግቤ በየደጁ ቆሜ በእንተ ስማ ለማርያም እል ነበር። መጀመሪያ ቀን አፍሬ ድምፄ አልወጣ አለ፤ ሳልበላ አደርሁ። በማግሥቱ የኔታ ጠርተው ‹ተርበህ ያደርኸው ማንን አክብረህ ነው?› አሉኝ። ከዚያ በኋላ እየጮህሁ ለመንሁ። ውሻ ነክሶኛል። ለትምህርት የለመነን ሰው ለማኝ ያለው የለም።»

«የእኔ ጊዜው አልፏል፤ በሩ ተዘግቷል አያ» አለ አንሙት።

«ዲማም በሩ ዝግ ነበር። እያስከፈትን ነው የበላን።» ቀጥሎ የተናገሩት በቁጣ አልነበረም፤ ለዚህ ይመስለኛል እስካሁን የማልረሳው። «እኔ ሦስት ዓመት ሰነፍ ተብያለሁ። ሰነፍ አይደለሁም። ያልሆንሁትን ተብዬ፣ ልጄም ልትቀርብኝ፣ ለአንተ ስል ዝም አልሁ። አንተ ግን የሌለህን የለኝም ማለት አቃተህ።»

ወደ ደብረ ማርቆስ ስንመለስ አንሙት በመስኮት በኩል ነበር የተቀመጠው። በመንገድ ዳሯ ቁራጭ አጠገብ ስናልፍ ፊቱን አዞረ። እያለቀሰ ነበር። እኔ እንዳላየሁ ሆንኩ፤ እንዲህ ባለ ነገር ላይ እንኳ ክብሩን አልነፍገውም።

ደብዳቤውን ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀበት። የመጀመሪያው ረቂቅ አራት ገጽ ነበር። የአገሪቱን የምንዛሪ አሠራር ያብራራል፣ የኮሌጁን የበጀት ዘመን ያብራራል፤ አልችልም የሚል ቃል ግን በአራቱም ገጽ የለም። ሰረዝኩት። ሁለተኛው ሁለት ገጽ ሆነ፤ «ለጊዜው አመቺ ስላልሆነ» ይላል። እሱንም ሰረዝኩት። በመጨረሻ ተነስቶ በሩን ዘጋና ቆሞ ጻፈ፦

«ክፍያውን መክፈል አንችልም። መጀመሪያ እንከፍላለን ያልነው አፍረን ነው። ጊዜው ማለፉን እናውቃለን። ጽሑፉ እንዲወጣ የሚጠብቅ ገበሬ አለ፤ ሦስት ዓመት ምንም ያልጨመረበት የገብስ ቁራጭ በሥዕል ሁለት ላይ ይታያል። እንዲቀርልን እንለምናለን።»

«‹እንጠይቃለን› ቢሆን አይሻልም?» አልኩት።

«እንለምናለን ነው» አለና ላከው።

መልሱ በዘጠነኛው ቀን መጣ፤ ለቀነ ገደቡ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ ከተቀበልን በኋላ ጥያቄ አንሰማም፤ ይህ ሕጋችን ነው። ይሁንና አገራችሁ ክፍያ ከማንጠይቃቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሆነች መጀመሪያውኑ ሁለተኛውን ሳጥን ብትነኩ ያለ ምንም ጥያቄ ያልፍላችሁ ነበር፤ አዘጋጁ ፈቅዶላችኋል። የዜሮ ዶላር ደረሰኝም አያይዘው ላኩ። ከሥሩ አንድ ነገር ጠየቁ፦ በጽሑፉ መጨረሻ ክፍያው ለምን እንደቀረ የሚገልጽ አንድ መስመር መጨመር እንችላለን፤ ግዴታ አይደለም፤ ይግባ ወይስ ይቅር?

አንሙት ያንን መስመር ደጋግሞ አነበበ። እናቱን እያሰበ እንደሆነ አውቄያለሁ።

«ይግባ» አለ።

ከጥምቀት በፊት ባለው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አያ ወልደ ገብርኤል ቤት ተሰበሰብን። ዘጠኝ ሽማግሌ ነበር። ኔትወርክ ቤት ውስጥ ስለማይገባ ሁሉም በርጩማውን ይዞ ወደ ደጅ ወጣ። አካለ ወልድ ስልኩን ከፍ አድርጎ አጥሩ ጋ ቆመ። ዜማ ከጓዳው በር ኋላ እንደነበረች ከእግሯ ጫፍ አወቅን።

«ገንዘብ ጠየቀህ?» አሉት አያ አምደሚካኤል።

«አልጠየቀም አባባ። ተከፍቷል።»

«ማንም ቢሆን ይከፈትለታል?»

«ማንም ቢሆን።»

ልጁ እንግሊዝኛውን እያየ በአማርኛ አነበበ። ቁጥሩን ሲያነብ ሽማግሎቹ አንቀላፉ፤ ስታቲስቲክስ ነውና አልተቀየምኩም። ሥዕል ሁለት ላይ ሲደርስ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ያችው ቢጫ ቁራጭ፣ ከኋላዋ ረጅሙ ገብስ። ከሥሩ የተጻፈውን አነበበ፦ «የአቶ ወልደ ገብርኤል ማሳ። ምንም ያልተጨመረባት ቁራጭ በእጣ መንገድ ዳር ወጣች፤ ሦስት ዓመት ሳትነካ ተጠበቀች። የዚህ ጥናት መለኪያ ናት።»

አያ አምደሚካኤል ስልኩን አስጠግተው ብዙ ጊዜ አዩ። የሚያዩት ቢጫዋን አልነበረም፤ ከኋላዋ ያለውን ነበር። «ይኼን ማን አረሰው?» አሉ።

«ያው እሳቸው ናቸው» አለ ልጁ።

ከዚያ መጨረሻውን መስመር አነበበ፦ «ጸሐፊዎቹ መክፈል ባለመቻላቸው የማሳተሚያው ክፍያ ቀርቶላቸዋል።»

«ያልቻለው ማነው?» አሉ አያ አምደሚካኤል፤ ክፋት አስበው አይደለም፣ ነገር ሳይገባቸው ስለማያልፉ ነው።

ኮሌጁ ነው ማለት ይቻል ነበር። አገሪቱ ናት ማለትም ይቻል ነበር። እኔ አፌን ልከፍት ስል አንሙት ተነሳ።

«እኔ ነኝ» አለ። «አልችልም ብዬ ለመንኳቸው።»

አያ ወልደ ገብርኤል ከበርጩማቸው ተነሱ። በርጩማውን በእጃቸው ጠርገው ገፋ አደረጉለት፤ «ተቀመጥ» አሉት። አንሙት ማንም ሲሰጠው እንደሚያደርገው ሊያመነታ ሲል ፊታቸውን አየ። ተቀመጠ። እሳቸው ቆመው ቀሩ። የለቅሶም የሣቅም ምክንያት ስላልነበረ ሁለቱንም አደረግኩ።

ሠርጉ ጥር ሃያ አራት ሆነ። አያ አምደሚካኤል በሠርጉ ላይ ለማያውቁት እንግዳ ሁሉ ስለ እጣውና ስለ በጠጡ ሲያስረዱ ዋሉ፤ ከእኔ ይሻላሉ። በሚቀጥለው ክረምት ያቺም ቁራጭ ኖራ ተጨመረላት። ገብሷ ከሌላው እኩል ሆነ። አሁን በአውቶቡስ የሚያልፍ ሰው ዞር ብሎ አያያትም።

አንሙት ያው አንሙት ነው። የእርዳታ ነገር ሲነሳ አሁንም ሸሚዙን ያስተካክላል። ብቻ ከዚያ እሑድ በኋላ በነበረው ሳምንት አንድ ቀን ፈተና እያረመ ሳለ እስክሪብቶው አለቀ። ተነሳ፤ በሩን ከፈተ፤ ቆመ። ውጭ ፀሐይ ነበር።

«ማንጠግቦሽ» አለኝ። «እስክሪብቶ አለሽ?»

ሰጠሁት። እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።